ከተማ ማለት ከባሕር ጠለል በላይ ያለ ቁጥር ነውን?

በአገራችን ማዘጋጃ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ሁሉ አንድ እጅ የጻፈው የሚመስል ወረቀት አለ። «የከተማዋ አጠቃላይ ገጽታ» ይባላል፤ ዘመን አመጣሹ ስሙ ደግሞ «ፕሮፋይል» ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትገኛለች ብሎ ይጀምርና ከባሕር ጠለል በላይ ያላትን ከፍታ፣ የአየር ጠባይዋን፣ የቀበሌዎቿን ብዛት፣ የባንክ ቅርንጫፎቿንና የአልጋ ቤቶቿን ይቆጥራል። በመጨረሻም ሕዝቧ እንግዳ ተቀባይ፣ መሬቷም ለኢንቨስትመንት ምቹ እንደሆነ አስታውቆ በማኅተም ይዘጋል። የአንዷን ስም ሰርዛችሁ የሌላይቱን ብትጽፉበት ከሁለት ቁጥሮች በቀር የሚታረም ነገር አታገኙም።

እኔ በዚህ ወረቀት ላይ ጠብ አለኝ። ጠቤ ከቁጥር ጋር አይደለም። ቁጥር እወዳለሁ፤ እንዲያውም የምከሰው ቁጥር በማነሱ ነው። ጠቤ ወረቀቱ ከተማ የሚባለውን ነገር ለመንገደኛና ለነጋዴ ብቻ እንጂ ለሚኖርበት ሰው ባለመጻፉ ነው። በገዛ ከተማው መግለጫ ውስጥ ራሱን ፈልጎ ያጣ ሰው ከተማዬ የሚለው ምኑን ነው?

ነገሩ በጥቅሉ ሲወራ ስለሚድበሰበስ አንዲት ከተማ ልጥራ። ደብረ ታቦርን።

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,706 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 22,455፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 55,596 ነዋሪ ነበራት። ስለ እርስዋ የሚጻፉት አጫጭር መግለጫዎች እነዚህን ቁጥሮች ያስቀምጡና ያልፋሉ። እስቲ ሳናልፍ ቆም ብለን እንያቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ከተማ ከእጥፍ በላይ ሆነች ማለት እኮ ትልቅ ወሬ ነው! ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ከፋርጣ ገጠር ነውን? መሬት ያጣ ወጣት ነው ወይስ ልጆቿን ልታስተምር ቤት የተከራየች እናት? የት አደረ? ምን ውኃ ጠጣ? ወረቀቱ አይነግረንም። ቁጥሩን እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ከዚያ ወዲህም አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ጸሐፊዎቹ አሮጌውን ቁጥር በግምት እያባዙ ይኖራሉ።

ርቀቱንም ተመልከቱት። ሁልጊዜ የሚለካው ከአዲስ አበባ ነው። ከጉና ጥግ ድንች ጭኖ ለሚመጣ ገበሬ አዲስ አበባ ምኑ ነው? ለእርሱ ደብረ ታቦር መድረሻ ናት፤ ሐኪም የሚያይባት፣ ዳኛ ፊት የሚቆምባት፣ ጨውና ዘይት የሚገዛባት ዋና ከተማው። የእርሱ ርቀት በእግርና በበቅሎ ሰዓት የሚቆጠር ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። አንድ መግለጫ ከተማን ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ ሲለካ እስካሁን አላነበብሁም።

ወደ ታሪኩ እንምጣ። እዚህ ላይ ወረቀቱ ሁለት መስመር ይለግሳል። «ከተማዋን ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ አሠሩባት» ይልና ይጨርሳል። ውሸት የለበትም። ግን በሁለት መስመር የተጠቀለለው ምን እንደሆነ ብናይ ያሳፍራል።

የየጁው ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበረች። ጎንደር ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሠ ነገሥት በስም ተቀምጦ ሳለ የአገሩ ትእዛዝ የሚወጣው ከዚህች ኮረብታ ነበር። እንግዲህ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ዘመን እምብርቱ ደብረ ታቦር ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1834 ዓ.ም. የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን እዚያው ደጃቸው ድረስ መጥተው ገጠሟቸው፤ ድልም አደረጉ። ራስ ዓሊ ሸሹ። አሸናፊው ድላቸውን በመጠጥ ሲያከብሩ ግን የራስ ዓሊ አጋር ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። ጦርነት ተሸንፎ ዙፋን ያልተነጠቀ፣ ጦርነት አሸንፎ በሰንሰለት የታሰረ ሰው በአንድ ቀን የታየባት ከተማ ናት። እኔ የደብረ ታቦር የትምህርት ቤት መምህር ብሆን ይህን አንዱን ቀን ብቻ ይዤ አንድ ወር አስተምርበት ነበር።

ከዓይሻል ጦርነት በኋላ ዘመኑ የካሣ ሆነ። ካሣም ቴዎድሮስ ተባሉ። ጎንደርን የጠሉ፣ ኋላም ያቃጠሉ ንጉሥ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አደረጉ። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለው ጋፋት ከስዊዘርላንዱ ቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡትን ዋልድማየርን፣ ሳልሙለርንና ባልንጀሮቻቸውን አስቀምጠው መድፍ ሥሩ አሏቸው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ እሺ አላሉም። በ1859 ዓ.ም. ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከቅልጥ ነሐስ ወጣ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ስለ ጋፋት የምናውቀውን አብዛኛውን የምናውቀው እነዚያው የውጭ ሰዎች አገራቸው ገብተው ከጻፉት ነው። የዋልድማየርን ትዳር ሳይቀር እናውቃለን፤ የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው ያገባው። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል መድፍ ካቀለጡት አንዱ ነበር፤ ልጁ ማግዳሌና መቅደላ ላይ ተወልዳ የዝነኛው የፊልም ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ለመሆን በቅታለች። የአንዱ ባዕድ መድፍ አቅላጭ ዘር እስከ ሆሊውድ ድረስ ተቆጥሮ ተጽፏል ማለት ነው። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ የሸክላውን ቅርጽ ያቦኩትና በዚያ እሳት ፊት የቆሙት የአገሩ ልጆችስ? የአንዳቸውን ስም እስቲ ጥሩልኝ። የከተማው መግለጫ አያውቃቸውም፤ እኛም አናውቃቸውም።

የማናውቃቸው ብራና ስላልነበረ አይደለም። አፈር ገፊ መሬት ሲገፋ፣ ካህን ሲቀድስ፣ ጌታ ሲዘምት የሚጽፍ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ግን በዚህ አገር ስሙ «ቡዳ» ነበር። ማረሻችንን ሠርቶልን ስናበቃ ዓይኑን የምንፈራው፣ ልጃችንን የማንድርለት፣ ከሰፈር ጫፍ የምናስቀምጠው ሰው ነበር። ዛሬ ሴባስቶፖል ብለን ደረታችንን የምንነፋው ሁላችን ያንን መድፍ ከሠራው የእጅ ሥራ ጋር አንድ ማዕድ አንቀርብም ነበር። እንዲያውም «ነበር» ያልኩት ለይሉኝታ ነው፤ ይህ ንቀት ሙሉ በሙሉ ሞቷል የሚል ሰው ካለ ለትዳር ሽማግሌ ሲላክ ቤተ ዘመድ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ጠጋ ብሎ ይስማ። አንዲት ከተማ በኢትዮጵያ የእጅ ጥበብ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፍራ እያላት ይህን ጥያቄ በመግለጫዋ ካላነሣች ማን ሊያነሣው ነው?

ይልቅስ የሆነው ሌላ ነው። ሴባስቶፖል ራሱ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። አምሳያው አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ታክሲ ይዞርበታል። የጋፋት ስምም ተፈላጊ ሆኗል፤ ራቅ ብሎ ያለ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ወስዶታል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም ተሰይሞበታል። የዚህን የኋለኛውን አልነቅፍም፤ ቢያንስ ስሙ አገሩ ቀርቷል። ግን ስም ሲዘዋወር ምድሩስ? «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ እንኳ ወርቁ ራሱ ነሐስ ነበር!

ለነገሩ ከተማዋ መወሰድን ለምዳለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት። የስድስት ወር ጉዞ ነበር። በየገደሉ መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ሰው እንደ በሬ ተጠምዶ ጎተተው። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእንግሊዝ ጦርም ወደ መቅደላ ሲያመራ በዚያው በተጠረገው መንገድ ተጠቅሟል። ይህን ጉዞ ስናወሳ ዓይናችን ሁልጊዜ ከመድፉ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ብለን ጭሱን እንመልከት። ቤቷ ተቃጥሎባት እዚያው የቀረች አንዲት ሴት አልነበረችምን? በማግሥቱ ከአመዱ ውስጥ ምጣዷን የፈለገች? የከተማ ታሪክ ማለት ለእኔ የእርስዋ ታሪክ ነው፤ ንጉሡማ ሰፍረው ሄዱ።

ሰፍሮ መሄድ ለነገሥታቱ ልማድ ነበር። ዐፄ ዮሐንስም በደብረ ታቦር ተቀምጠውባታል፤ ጎርዶን ፓሻ የግብጽን ጉዳይ ይዞ በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የቀረባቸው እዚያ ነው። ራስ ጉግሣ ወሌም በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ እስከ ወደቁ ድረስ በጌምድርን ከዚያው አስተዳደሩ። ከዚያ ጣሊያን መጣና ጎንደርን የግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ በድንጋይና በሲሚንቶ ገነባት። ጣሊያን ሲወጣ ሕንጻው ጎንደር ነበርና ሹመቱም ጎንደር ቀረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን ለብቻ አውጥቶ ሌሎቹን ከተሞች በታች ሲያሰልፍ ነገሩ በሕግ ታተመ። ለረጅም ዘመን የመንግሥት መናገሻ፣ ኋላም የበጌምድር መቀመጫ የነበረች ከተማ የአውራጃ ከተማ ሆና ተመዘገበች።

አንዳንድ የከተማዋ ተወላጆች ይህን ሲያወሩ በቁጭት ነው፤ እንደ ተሻረ ሹም። እኔ ግን አልቆጭላትም። ይህ እንዲያውም ከሁሉ የሚደንቀኝ ነገር ነው። ቤተ መንግሥት ከሄደ በኋላ በዚህ አገር ስንት ከተማ ተመልሶ የዘላን ግጦሽ ሆኗል! ደብረ ታቦር ግን ሹም ሲመጣም ሲሄድም አለች። ማን አኖራት? ራስ ጉግሣ አይደሉም፤ የገበያው ሰው፣ የአብነት ተማሪው፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ኋላም በቻይናዎች እጅ ከወረታ እስከ ወልድያ የተዘረጋው መንገድና በዚያ የሚመላለሰው ሾፌርና ረዳት ናቸው። መግለጫው ውስጥ የሌሉት እነርሱ ናቸው። መግለጫው ያቋቋመውን ሰው እንጂ ያቆየውን አያውቅም።

ስለዚህ ነገር ከአንድ ሹም ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ። የሌላ ትንሽ ከተማ ሹም ናቸው፤ ከተማዋንም ሰውየውንም አልጠራም። ለበዓላቸው መጽሔት የከተማዋን ገጽታ እንድጽፍላቸው ተስማምተን ስለ አረቄ አውጪ ሴቶች አንድ ገጽ ጻፍሁ። ስንት ልጅ በአረቄ ገንዘብ ተምሮ መሐንዲስና ነርስ እንደሆነ፣ ጭሱ ዓይናቸውን ምን እንዳደረገው የሚናገር ገጽ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አነሡና ከላይ እስከ ታች ሰረዙት።

«ወንድሜ፣ ይህ ገጽታ ያበላሻል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገጽታቸው እኮ እነርሱ ናቸው» አልኋቸው።

«እንግዳ ምን ይለናል?» አሉ።

እንግዳ! ይኸው ነው ነገሩ። በዚያች ከተማ የሚኖረው ሰው ምን ይለናል የሚል ጥያቄ አልመጣላቸውም። በተሰረዘው ገጽ ቦታ የግንባታ ላይ ያለ ባለ አራት ፎቅ ፎቶግራፍ ገባ።

በእርግጥ ለወረቀቱ ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች የሚሉት ነገር አለ፤ ከንቱም አይደለም። በጀት የሚጠየቀው በቁጥር ነው ይላሉ። ባለሀብት የሚመጣው መሬት፣ መብራትና መንገድ መኖሩን ሲያነብ እንጂ የአረቄ ወሬ ሲሰማ አይደለም ይላሉ። ታሪክ ሆድ አይሞላም ይላሉ። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ለዚህም ነው ቁጥር አነሰ የምለው። በግንቦት አንድ በርሜል ውኃ ስንት እንደሚሸጥ ቁጥር ነው። አንድ የቤት ተከራይ በዓመት ስንት ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ ሰፈር እንደሚቀይር ቁጥር ነው። ስንት ሸማኔ ሸማውን ትቶ ባጃጅ እንደገዛ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ በስንት ወር ዓረብ አገር እንደምትሄድ ይህም ቁጥር ነው። ይህን ይዞ በጀት የጠየቀ ከንቲባ ከፍታና ሙቀት ይዞ ከሄደው ይልቅ የሚሰማ ይመስለኛል። ባለሀብቱን በተመለከተ ግን፣ ሁሉም ከተማ «ምቹ» ከሆነ ምቹ የሚለው ቃል ለባለሀብቱ ምን ይነግረዋል? የሚለየውን ነገር ደብቆ የሚመሳሰለውን ብቻ የሚያቀርብ ሻጭ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ሦስተኛውንማ ደብረ ታቦር ራስዋ ታፈርሰዋለች። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲከበር ስምዋ ከበዓሉ ስም ጋር አንድ ነው፤ በዓሉ ደብረ ታቦር ነው፣ ከተማዋም ደብረ ታቦር ናት። ጅራፉ ይጮኻል፣ ችቦው ይበራል፣ ሙልሙሉ ይጋገራል። በዚያ ሰሞን አልጋ ቤቱ ይሞላል፣ ዶሮው ይሸጣል፣ የባሕር ዳር አውቶቡስ ቆመው የሚሄዱበት ይሆናል። ታሪክ ሆድ አይሞላም የሚለው ሰው የዚያን ሰሞን ሒሳቡን ይሥራ። ብቻ በዓሉንም እንደ መድፉ እንዳናደርገው እፈራለሁ፤ ካሜራ ተተክሎ፣ የሕዝብ ግንኙነት ንግግር ተደርጎ፣ ልጆቹ በተሰጣቸው አንድ ዓይነት ሸሚዝ ተሰልፈው። ቡሄ የልጆች ነው። በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው፤ ከመድረክ ላይ የሚጨፈር ቡሄ አላውቅም።

የአዲስ አበባ አንባቢም ከዚህ ጠብ ነጻ አይደለም። ከእኛ ከተማ ውጭ ያለውን ሁሉ «ክፍለ ሀገር» ብለን በአንድ ከረጢት ከትተነዋል። «ከክፍለ ሀገር መጣ» ስንል ከሐረር ይሁን ከደብረ ታቦር ግድ የለንም። እንዲህ ያለ አንባቢ ባይኖር እንዲህ ያለ መግለጫም ባልተጻፈ ነበር። ትናንሾቹ ከተሞች ለእኛ ሲሉ ፊታቸውን ታጥበው፣ የማይመስላቸውን ልብስ ለብሰው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ትዝ የሚሉንም ክፉ ወሬ ሲመጣ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደብረ ታቦር ሲጠጋና የከባድ መሣሪያ ጥይት መኖሪያ ቤት ላይ ሲወድቅ የከተማዋ ስም ለጥቂት ቀናት በየአፉ ነበር። ወሬው ሲያልፍ ስሙም አለፈ። እንደገና ከፍታዋና ርቀትዋ ቀሩ።

ታዲያ ምን ይጻፍ? የእኔ ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲው በከተማው ውስጥ ነው፤ ተማሪ አለው፤ የጋፋትንም ስም ለብሷል። በአንድ የክረምት ዕረፍት ሃያ ተማሪ ደብተር ይዞ ይውጣ። ወደ ሹም ቢሮ አይሂድ። አንዱ ከመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች ጋር ይዋል፣ ሌላው ከአብነት ተማሪዎች ጋር፣ ሌላይቱ ድንች ከሚያወርዱት ጋር። ጋፋት አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጥ ቤተ ሰብ ካለ አንድ ሁለቱ ደጁ ሄደው፣ ከፈቀደላቸውም ማዕዱን ቀርበው፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ ምን ይባሉ እንደነበር ይጠይቁት። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው በዚህ አገር አይታጣም። ከዚያ ትውልድ እስከ ዛሬ ብዙ ቤት የለም፤ አንድ መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ ነው፤ የጠፋ የሚመስለን ስም በአንድ አዛውንት አፍ ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ማዘጋጃ ቤቱም የሚያሳትመውን ወረቀት ማሳተሙን ይቀጥል። ከፍታው ይኑር፣ ሙቀቱ ይኑር። «ለኢንቨስትመንት ምቹ» የሚለው መስመር ብቻ ይውጣልኝና በቦታው የአንድ በርሜል ውኃ የግንቦት ዋጋ ይግባ።